ከፈረሱ በታች ያለው ሰው

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ በገደል ጫፍ ላይ ያለች የካራ መንደር ናት። ወንዙን ፎቶግራፍ ሊያነሣ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ከነዚህ አንዱ ግሪካዊ ለአንድ ልጅ የሥዕል ካርድ ሰጥቶት ኖሮ፣ ልጁ ወደ እኔ ይዞት መጣ። በካርዱ ላይ ሁለት ፈረሰኞች አሉ። ባለ ነጭ ፈረሱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ዘንዶ ይወጋል። ባለ ቀዩ የተሰሎንቄው ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው፤ እርሱ የሚወጋው ግን ሰው ነው። ልጁ ስለ ቅዱሳኑ አልጠየቀኝም። ጣቱን ከቀዩ ፈረስ ሆድ በታች አኑሮ «ጋሼ፣ ይኸኛውስ የማን ወገን ነው? ከወንዙ ማዶ ነው?» አለኝ።

ካራና ኛንጋቶም በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚገበያዩ፣ ስለ እርሻና ስለ ግጦሽም ደም የተፋሰሱ ጎረቤቶች መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ የልጅ ጨዋታ አይደለም። እኔም ቶሎ አልመለስሁለትም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ሥዕል መመርመር የጀመርሁት ዘግይቼ ነው።

የካርዱ አሣሣል አዲስ ሲሆን የጥንት ይመስላል። ይህን መንገድ በግሪክ አገር መልሶ ያቀናው ፎቲስ ኮንቶግሉ (1895–1965 በአውሮፓ አቈጣጠር) ነው። በትንሿ እስያ በአይቫሊ ተወልዶ፣ በ1922 በጦርነት ምክንያት ተሰድዶ ወደ ግሪክ ገባ፤ ሥጋን ከነጥላው አስመስሎ የሚሥለውን የምዕራባውያንን ልማድም ነቅፎ ወደ ቢዛንታይን ሥዕል ተመለሰ። በካርዱ ላይ ድሜጥሮስ ጦሩን ሲሰነዝር ፊቱ ላይ ቍጣ የለም፤ የወደቀውን ሰው እንኳ አይመለከትም። ሠዓሊው ቅዱሱ በጥላቻ እንደማይገድል ሊያሳይ አስቦ ይሆናል። እኔን ግን ይህ ጸጥታ አስፈራኝ። ሰው እየወጉ ፊትን አለመለወጥ ቅድስና ነው ብሎ አንድ ልጅ ቢማርስ?

ለመሆኑ የወደቀው ማን ነው? አንዳንዶች ልዩስ የሚባል፣ በዐደባባይ ሰው ለመግደል የሠለጠነ ታጋይ ነው ይላሉ። ሌሎች የቡልጋሪያ ንጉሥ ካሎያን ነው ይላሉ። ካሎያን በ1207 ተሰሎንቄን ከብቦ ሳለ በድንገት ቢሞት፣ የከተማይቱ ሰዎች «ድሜጥሮስ ወጋው» አሉ። ነገር ግን ቡልጋሮች ራሳቸው ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1185 ገደማ በቢዛንታይን ላይ ሲነሡ፣ «ድሜጥሮስ ተሰሎንቄን ትቶ ወደ እኛ መጥቷል» ብለው በታርኖቮ ቤተ ክርስቲያን ሠርተውለት ነበር። እንግዲህ የወደቀው ካሎያን ከሆነ፣ ከፈረሱ በታች ያለው ሰው የፈረሰኛው ወዳጅ ነው ማለት ነው። ድሜጥሮስም ቢሆን፣ ገድሉ እንደሚለው፣ በጦር ተወግቶ የሞተ ሰማዕት እንጂ ወግቶ የከበረ አይደለም።

በእኛም አገር ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ዑልያኖስን ይወጋል። ዑልያኖስ የሞተው በ363 ነው፤ መርቆሬዎስ ግን ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በሰማዕትነት ዐርፎ ነበር። (የፈረስ ጌጥን ነገር ካነሣን የእኛ ሠዓሊዎች ከግሪኮቹ ይበልጣሉ።) ነገር ግን የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን አንድ ልማድ አላቸው፤ ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላሉ። የዐድዋ ጦርነት (1888 ዓ.ም.) ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ ሆኖ ይታያል፣ ኢትዮጵያውያን በሙሉ ፊት፣ ጣልያኖች በጎን። አገሬ ተወርራ ነበርና ይህን ሥዕል ሳይ ልቤ ይሞላል፤ አልክድም። ሆኖም ይህን የለመደ ዓይን፣ ወራሪ ሲጠፋ፣ ጎረቤቱን በጎን ማየት እንዴት ይከብደዋል?

የካርዱ ሠዓሊ ለወደቀው ሰው ሁለት ዓይን ሰጥቶታል። በዚህ ከእኛዎቹ ይበልጣል፤ የድሜጥሮስን ፊት ጸጥታ ባልወድለትም ይህን አመሰግንለታለሁ።

ለልጁ «ከማዶ አይደለም፤ የዚያው የፈረሰኛው ወዳጅ ነው» አልሁት። «ታዲያ ለምን ወጋው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለግድግዳ የሚሆን ሥዕል ምረጥ ቢሉኝ ጊዮርጊስን ከነዘንዶው እመርጣለሁ። ካርዱን ግን ልጁ እኔ ዘንድ አስቀምጦታል፤ በመጽሐፍ መካከል አኑሬዋለሁ፣ ሲመጣ አውጥቼ አሳየዋለሁ።