ውበትና የልብስ ሰፊው እጅ

የአንድን ከተማ የኪነ ጥበብ ደረጃ ለመመዘን የሚነሣ ሐያሲ ብዙውን ጊዜ ወደ ቴአትር ቤቱ፣ ወደ ሥዕል አዳራሹና ወደ መጻሕፍት መደብሩ ያመራል። ወደ ልብስ ተራ ጎራ የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ሕዝብ በየዕለቱ የሚያየው፣ የሚዳስሰውና በገላው ላይ የሚያውለው ጥበብ ቢኖር ልብስና ጌጥ ነው። የመድረክ ትርኢት ከስንት አንዴ ብቻ በሚታይበት ከተማ ልብስ ተራው መጋረጃው የማይዘጋ መድረክ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህም እንደማንኛውም የጥበብ ሥራ ሂስ ሊቀርብበት ይገባል።

ለመሆኑ አንድን የውበት ገበያ መልካም ገበያ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የመስኮቱ መብራት ነውን? ወይስ የሸማቹ ብዛት? በዚህ ጸሐፊ እምነት መለኪያው በለባሹና በሠሪው መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ልብሱን የሰፋው እጅ የሚታይበትና የድካሙን ዋጋ የሚያገኝበት ገበያ ውበትን ያፈራል፤ ሠሪውን የሚሰውር ገበያ ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ የሚሸጠው የውበትን ጥላ ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመፈተን ሩቅ ከሚመስል ምሳሌ እንጀምር። በዘመናችን የወጣቱን ዓይን ከሳቡት የውበት ገበያዎች አንዷ የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል ናት። ዘፈኗና ተከታታይ ድራማዋ በእጅ ስልክ መስታወት ወልድያም መርሳም ይደርሳሉ፤ ከእነርሱም ጋር የፀጉሩ አቆራረጥ፣ የሰፊ ሱሪው ፋሽን፣ የፊቱ ልስላሴ አብሮ ይመጣል። ሴኡል ውስጥ ምዮንግዶንግ የተባለው ሠፈር በፊት ቅባትና በመዋቢያ ሱቆቹ፣ ዶንግዴሙን የተባለው ደግሞ በልብስ ጅምላ ንግዱ የታወቁ ናቸው።

ኮሪያ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አገር አይደለችም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ተራ በተራ ወደዚያ ዘምተው ተዋግተዋል፤ ከእነርሱም ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። እነዚያ ዘማቾች ያዩዋት ኮሪያ በጦርነት የፈረሰች፣ ልጆቿ የሚለብሱትን ያጡባት ምድር ነበረች። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የሚያዩዋት ኮሪያ ደግሞ በመብራት የተንቆጠቆጠች የሱቅ መስኮት ናት። በሁለቱ እይታዎች መካከል ያለው ዘመን ግን በስልኩ መስታወት ላይ አይታይም። ቁም ነገሩ ያለው በዚያ በማይታየው ዘመን ውስጥ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ከሰሜን የተፈናቀሉ ስደተኞች በቾንግዬቾን ዥረት ዳር የስፌት መኪና ተክለው ልብስ እየሰፉ መሸጥ ጀመሩ። ከዚያው አካባቢ የበቀለው ገበያ ፒዮንግህዋ ተባለ፤ ትርጓሜውም ሰላም ማለት ነው። በሰላም ገበያ ውስጥ ግን ሰላም አልነበረም። ከሱቆቹ በላይ በነበሩት ጣሪያቸው ዝቅ ባለ ክፍሎች፣ ቀጥ ብሎ መቆም በማይቻልበት ቦታ፣ ገና በልጅነት ዕድሜ ላይ የሚገኙ ልጃገረዶች በጨርቅ ብናኝ ታፍነው በቀን 14 ሰዓት ያህል ይሠሩ ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1963 ዓ.ም. ጆን ቴ ኢል የተባለ የ22 ዓመት ወጣት የልብስ ቆራጭ፣ ሠራተኞች ሰዎች እንጂ መኪናዎች አለመሆናቸውን፣ የአገሪቱም የሥራ ሕግ እንዲከበር በመጮህ በዚያው ገበያ ደጃፍ ራሱን በእሳት አቃጠለ። የኮሪያ የሠራተኞች እንቅስቃሴ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ቀን ሳይነሣ አይታለፍም። ዛሬ በዥረቱ ድልድይ ላይ ሐውልቱ ቆሞ ይታያል።

ዶንግዴሙን ዛሬም ሌሊት ሌሊት የሚነቃ ገበያ ነው። ከጀርባው ቻንግሲንዶንግ በተባለው ዳገታማ ሠፈር በየጠባቡ መንገድ ትናንሽ የስፌት ቤቶች አሉ፤ ንድፍ ተነድፎ፣ ጨርቅ ተቆርጦና ተሰፍቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሱቅ ይሰቀላል። የዚያ ገበያ ኃይሉ ያለው በዚህ ቅርበት ነው። ወጣቶቻችን የሚቀዱት ግን የፊቱን ገጽታ ነው፤ የስፌት ቤቱንና የተከፈለበትን መሥዋዕትነት የሚቀዳው አልተገኘም።

እንግዲህ ፊታችንን ወደ አገራችን እንመልስ። ከወልድያ በደሴ አቅጣጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። በገበያ ቀን ከቆላው ሽርጥ ያገለደመ፣ ከደጋው ጋቢ የደረበ ገበያተኛ በሁለቱም ከተሞች ይገናኛል። የልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው በሱቁ በረንዳ ላይ ነው። ገዢዋ ከውስጥ ጨርቅ መርጣ ታስለካለች፤ በረንዳ ላይ ወጥታ በሜትር ትለካለች፤ ትከሻው ሰፋ፣ ወገቡ ጠበብ እንዲል ትከራከራለች፤ ሰፊውም የራሱን ሐሳብ ይጨምራል። በቴአትር ቋንቋ ብንናገር፣ ተመልካቹ ዝግጅቱንም ትርኢቱንም በአንድ ቦታ ያያል ማለት ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ የሚወለደው ቀሚስ የሁለት ሰዎች ድርሰት ነው።

የፀጉርና የገላ ውበትም ከዚህ አይለይም። ሹሩባ የምትሠራዋ ሴት የተሠሪዋን ራስ በጉልበቷ መካከል አስገብታ ሰዓታት ስታሳልፍ ወሬውም፣ ምክሩም፣ ሥራውም በአንድነት ይጓዛል። ወይባ የምትሞቅ ሙሽራም እንጨቱን ማን እንዳመጣው፣ ማን እንዳጨሰላት ታውቃለች። በአንጻሩ ሠሪው የማይታወቅ፣ በውስጡ ያለውም በግልጽ ያልተጻፈበት የፊት ማቅያ ቅባት ሲሸጥ ገዢዋ የምትገዛው ተስፋ ነው። ሐኪሞች አንዳንዶቹ የዚህ ዓይነት ቅባቶች ሜርኩሪና ኃይለኛ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው በመሆናቸው ቆዳን ብቻ ሳይሆን ኩላሊትንም እንደሚጎዱ ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ሠሪውን መሰወር የሥነ ውበት ጉድለት ብቻ አለመሆኑን ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ይህ ማለት ግን በረንዳው ገነት ነው ማለት አይደለም። በረንዳ የሰው ቤት ደጅ ነው፤ ባለሱቁ ቢፈልግ ያስቀምጣል፣ ቢፈልግ ያስነሣል፤ ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። በላዩ ላይ ሰልባጁ በቦንዳ ይራገፋል፤ የተዘጋጀው ልብስ ከውጭ ይገባል። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በፋብሪካ የታተመው የጥበብ አምሳል ነው። በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ጥበብ ሸማኔው ፈትሉን እየቆጠረ ቀናት ፈጅቶ ሲያወጣው፣ ያው ጥለት በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ በቀለም ታትሞ በጥቂት ዋጋ ይቀርባል። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ነው፤ ሲገለብጡት ግን የጀርባው ነጭ ይጋለጣል። እውነተኛው ጥለት ከድርና ከማግ ጋር አብሮ የተፈጠረ ስለሆነ ጀርባውም ይናገራል። ኪስ ላነሰው ሸማች ርካሹን መግዛቱ ኀጢአት አይሆንበትም፤ ነቀፌታው የሚገባው ሕትመቱን ሸማ ነው ብሎ ለሚሸጥ ነጋዴ ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ ታክሏል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ እጅ በቆየችባቸው ወራት የሱቅና የቤት ንብረት ተዘርፏል። ሱቅ በብድርም በዘመድም ዕቃ ተሞልቶ ሊከፈት ይችላል፤ የስፌት መኪናው ካልተመለሰ ግን ሰፊው ወደ በረንዳው ምን ይዞ ይመለሳል? ዕቃው በሱቅ ሲሞላ ከተማው ያገገመ ይመስላል፤ ሠሪው ከሌለ ግን ያገገመው ንግዱ ብቻ ነው።

ከበረንዳው ሌላ የስፌት መንገድም በአገራችን ተሞክሯል። ሺንትስ የተባለው የኮሪያ ልብስ ሰፊ ድርጅት በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ ብዙ ወጣቶችን ቀጥሯል፤ በወሎም የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ሥራ መፍጠሩን የሚንቅ ልብ ሊኖረን አይገባም። ነገር ግን በዚህ ሥርዓት እጁ እዚህ፣ መስኮቱ ባሕር ማዶ ነው። ሰፊዋ ልጅ የምትሰፋውን ሸሚዝ ማን እንደሚለብሰው አታውቅም፤ ለባሹም እርሷን አያውቃትም። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትሰርዝ የሩቁ መስኮት በመዘጋቱ የቅርቡ እጅ ሥራ ፈታ። የዶንግዴሙን ኃይል የነበረው ቅርበት ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ጎድሏል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወጣቱን «የሴኡልን ፋሽን አትመልከት» ማለት ከንቱ ምክር ነው። ሲንጀሩም፣ ቁምጣውም፣ ኮቱም አንድ ጊዜ እንግዳ ነበሩ። ሰፊ ሱሪው ከወደደው ይልበስ፤ ግን በመርሳ ሰፊ እጅ ይሰፋለት። ልብስ ሰፊውም ከአያቱ በወረሰው ቅድ ላይ ብቻ ሳይቆም የአዲሱን ንድፍ ይማር። ማዘጋጃ ቤቶች አዲስ የገበያ ሕንፃ ሲያሠሩ ለሰፊዎች በምድር ቤቱ፣ ገዢው በሚያልፍበት፣ ሥራቸው በሚታይበት ስፍራ ቦታ ይስጧቸው። እያንዳንዱ ቀሚስና ኮት በአንገቱ ስፌት ውስጥ የሰፊው ስምና የከተማው ስም የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ይኑረው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሠሪውን ግን ከተሰወረበት ያወጣዋል።

ለእኛ ለቴአትር ሰዎችም ድርሻ አለን። በትርኢት ማስታወቂያዎቻችን ላይ የደራሲው ስም በጉልህ ይጻፋል፤ የንጉሡን ካባና የገበሬውን እጀ ጠባብ የሰፋው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ተዋናዩ ገና ቃል ሳይተነፍስ ማን መሆኑን ለተመልካች የነገረው ያ ልብስ ነው። ስለ ሠሪው ክብር የምንጽፍ ሰዎች የራሳችንን ሠሪ ስም ካላነሣን ከገበያው መስኮት በምን እንሻላለን?

ጆን ቴ ኢል ራሱን ባቃጠለ ጊዜ የሥራ ሕጉን መጽሐፍ አብሮ አቃጥሏል፤ ሕጉ ተጽፎ ሳለ አልተሠራበትምና። እኛ ዘንድም ስለ ባህል ልብስ ክብር ያልተባለና ያልተጻፈ ነገር የለም። የሚቀረው ከበረንዳው መጀመር ነው፤ ለካን፣ ቆረጠን፣ ሰፋልን የምንለውን ሰው ስሙን ጠርተን ዋጋውን መክፈል።