«ጎማ» በሽንፋና በጃፓን፦ በሰሊጥ ስምና ፈሊጥ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በመተማ ቆላ በምትገኘው ሽንፋ «ጎማ» ሲባል የሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጭነት መኪና ነው፤ ቃሉንም የወረስነው ከጣሊያንኛ ነው። በጃፓንኛ ግን «ጎማ» ማለት ሰሊጥ ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ገጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ ያገናኛቸው ንግድ ነው። የመተማ ቆላ ሰሊጥ በጎማ ላይ ተጭኖ ይወጣል፤ በዓለም ገበያ «የጎንደር ሰሊጥ» በሚል ስም ይታወቃል፤ የኢትዮጵያን ሰሊጥ ከሚገዙት አገሮችም አንዷ ጃፓን ናት። «ቃል የባህል መስታወት ነው» ሲባል እንሰማለን። መስታወት ግን የሚያሳየው ፊቱ የቆመውን ብቻ ነው። የሰሊጥ ስሞችና ፈሊጦች በማን ፊት እንደቆሙ መጠየቅ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ነው።

ከስሙ እንጀምር። «ጎማ» በቻይና ፊደል ሲጻፍ ሁለት ምልክት አለው። የመጀመሪያው ቻይናውያን በሰሜንና በምዕራብ የሚኖሩትን ባዕዳን ይጠሩበት የነበረ ነው፤ ሁለተኛው የቃጫ ተክሎች መጠሪያ ነው። ሲገጣጠሙ «የባዕዳን ቃጫ» እንደማለት ነው። የቻይና ትውፊት ተክሉን ከምዕራብ ያመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው መልእክተኛ ዣንግ ቺየን ነው ይላል፤ ትውፊቱን እንደ ማስረጃ ባንቆጥረውም፣ ስሙ መጤነቱን ተሸክሞ እንደዘለቀ ግን ግልጽ ነው። የእኛም «ሰሊጥ» ባሕር ማዶ ዘመድ አለው፤ በየመን ዐረብኛ «ሰሊጥ» ዘይት ነው፣ በተለይም የሰሊጥ ዘይት። ከገላባት ወዲያ ያለው ሱዳናዊ ደግሞ «ሲምሲም» ይለዋል፤ የዚህ ስም ሥር እስከ ጥንታዊው አካድኛ ይደርሳል። መተማ ገበያ ላይ ሁለቱ ስሞች በአንድ ኩንታል ዙሪያ ይገናኛሉ።

ከስም ወደ ፈሊጥ ስንሻገር ልዩነቱ ይሰፋል። ጃፓኖች ሰሊጥ የሚፈጩት «ሱሪባቺ» በተባለ፣ ውስጡ በመስመር በተቦረቦረ የሸክላ ሙቀጫ ነው። ሰሊጡ ሲደቅ ዘይቱ ይወጣና በየመስመሩ ይጣበቃል። ለአለቃው የሚያሸረግደውን፣ ከሁሉም ጋር የሚለጠፈውን ሰው «ጎማሱሪ»፣ ማለትም «ሰሊጥ ፈጪ» የሚሉት ከዚህ ተነሥቶ ነው ይባላል። አማርኛ ለዚህ ሰው ቅርብ ዘመድ «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» የሚል አለው። ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ራስ ጃፓኖች ሰሊጥና ጨው ተደባልቆ በሩዝ ላይ ከሚነሰነሰው «ጎማሺዮ» ጋር ያመሳስሉታል፤ እኛ «ገብስማ» እንላለን። እነሱ ከሰሊጥ የቀዱትን ምስል እኛ ከቅቤና ከገብስ ቀድተነዋል።

ምክንያቱን የምግቡ ታሪክ ይጠቁማል። የጃፓን የቡድሃ ገዳማት ሥጋ በማይነካው ማዕዳቸው ሰሊጥን ትልቅ ቦታ ሰጡት፤ ከሰሊጥ ልቁጥና ከሥር ዱቄት የሚረጋው «ጎማዶፉ» ዛሬም የኮያ ተራራ ገዳማት መታወቂያ ነው። በእኛም ጓዳ ቅቤ ሲከለከል ኑግ፣ ሱፍ፣ ተልባና ሰሊጥ ይተካሉ። የሁለቱ አገር ጾመኛ እዚህ ላይ ይመሳሰላል። ይሁን እንጂ በጃፓን የቀድሞ ማዕድ ቅቤ የሚባል ተወዳዳሪ አልነበረም፤ ሰሊጥ የጾምም የድግስም ቅባት ሆኖ ኖረ። በእኛ ዘንድ የድግሱ ወንበር የቅቤ ነው። ሰው ማባበያውን ከድግሱ ሌማት እንጂ ከጾሙ አይበደርም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጃፓንኛ «ጎማካሱ» ማታለል ማለት ነው፤ ቃሉን ከሰሊጥ ጋር የሚያያይዙት አሉ። አንደኛው ወገን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይሸጥ ከነበረ፣ ውስጡ ባዶ ከሆነ የሰሊጥ ብስኩት የመጣ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ተራ አመድን የተቀደሰ ነው እያሉ ከሚሸጡ አጭበርባሪዎች ያመጣዋል፤ ይህኛው «ጎማ» ከሳንስክሪቱ «ሆማ» የመጣ የእሳት ሥርዓት እንጂ ሰሊጥ አይደለም። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ጣፋጭ ታሪክ ያለው የቃል ምንጭ ሁሉ ምንጭ እንዳልሆነ የእኛም ቃል ፈቺዎች ቢያስታውሱት ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የጃፓንኛው ፈሊጥ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ከሙቀጫው ይጀምራል፣ ማሳው የለበትም። ጃፓን ከምትጠቀምበት ሰሊጥ ከ99 በመቶ በላዩን ከውጭ ታስገባለች፤ ራሷ የምታመርተው ጥቂቱ በአብዛኛው ከኪካይ ደሴት ይገኛል። የሽንፋ ሰው የሰሊጥ ቋንቋ ደግሞ ከእርሻው ተነሥቶ ከኩንታሉ አፍ ላይ ያበቃል። ነዶ ታስሮ ቆሞ የሚደርቅበት ክምር «ሂላ» ይባላል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ አገር ወሬ ነው።

በአሊባባ ተረት የዋሻው በር «ሰሊጥ ሆይ ተከፈት» ሲባል ይከፈታል፤ ጃፓኖችም «ሂራኬ ጎማ» ብለው ተርጉመውታል። ምስሉ የበሰለ የሰሊጥ ፍሬ ፈንድቶ ከመከፈቱ የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ። ለተረቱ ሌባ መከፈቱ ሀብት ነው። ለሽንፋ ገበሬ ግን ክፉው ነገር መከፈቱ ነው፦ ሠራተኛ ከደጋ ሳይደርስ፣ ማጭድ ሳይገባ ፍሬው ከተከፈተ የዓመት ልፋቱ መሬት ላይ ይቀራል። ይህን ስጋት የጃፓንኛው ፈሊጥ አያውቀውም፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ከሂላው ሥር ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ ያገኘዋል።