የገናና የጥምቀት ተስፋ፤ ከወገዳ እስከ ቤተ ልሔም

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ ተለይቶ የሚቆም ሕይወት የለውም። ሕዝብ የሚያርስበት፣ የሚያጭድበት፣ የሚጾምበትና የሚያከብርበት ወቅት ሁሉ በዜማው፣ በውዝዋዜውና በቃል ግጥሙ ውስጥ ይቀረጻል። በስማዳ ወረዳ ከተማ በወገዳ፣ በጋይንትና በእስቴ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ የሚዘልቀው የጾምና የበዓል ወቅት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት የሚዜመውና የሚጨፈረው ሁሉ ስለ ተስፋና ስለ መታደስ ይናገራል። ለሐያሲ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ይህ ተስፋ ምን ዓይነት ነው? በምንስ ጥበባዊ ዘዴ ይገነባል? የሚለው ነው።

በቅድሚያ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያሻል። በአውሮፓ የልደት በዓል የሚውለው ሌሊቱ በሚረዝምበት የብርድ ወራት ስለሆነ፣ የዚያ አገር ሠዓሊና ዘማሪ ተስፋን በጨለማ መካከል በበራ መብራት ይመስለዋል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ታኅሣሥ በጋ ነው። ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ገበሬውም አዝመራውን አጭዶ በአውድማ ላይ ይወቃል። ስለዚህ ገና የሚመጣው ገበሬው የዓመት ድካሙን በሚመዝንበት ሰዓት ነው። ምርቱ ከልጆቹ አፍ ይተርፍ እንደሆነ ወይም እስከ ሐምሌ እንኳ የማያደርስ እንደሆነ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የስማዳ መሬት ሁለተኛው ዕጣ እንግዳ አይደለም። ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው ይህንኑ ያስረዳል። እንግዲህ በዚህ ምድር ስለ ተስፋ የሚዘመረው ጎተራው ሞልቶ ስለ ተረፈ ብቻ አይደለም።

ሆኖም ይኸው ምድር በዜማ ሀብት የታደለ ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው የድጓ ዜማ በልዩ ልዩ ቤቶች ሲከፈል፣ ስመ ጥር ከሆኑት መካከል ቤተ ልሔምና ቆማ ይገኛሉ። የቤተ ልሔም ዜማ ማስመስከሪያ የሆነችው ደብር በጋይንት፣ ቆማ ፋሲለደስም በእስቴ ናቸው። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባም የጋይንት ናት። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ የሚዜም ሲሆን መዋሥዕት ለሙታን የሚደርስ ነው። የምስጋናውንና የሐዘኑን ዜማ ያንዱ ጉባኤ ተማሪ ከአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ በአንድነት መማሩ፣ በዚህ አካባቢ ደስታ ሞትን ረስቶ የማይዘመር መሆኑን ያመለክታል።

የጋይንቷ ደብር ስሟን የወሰደችው ክርስቶስ ከተወለደባት ከተማ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓኬንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ደርሶ፣ ከውጭ ሲያዩት ክብ ሣር ክዳን በሆነው ሕንጻ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ መኖሩን ለዓለም አስታውቋል። የአካባቢው ሕዝብ አሮጌውን ለማደስ አላፈረሰውም፤ አዲስ ጣራና ግድግዳ አልብሶ ጠበቀው። የዜማው ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በሊቃውንቱ ትውፊት መሠረት፣ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጥፋት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠርተው በመጽሐፍ ላይ አሰፈሩት። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት እየተባሉ የሚጠሩት ምልክቶች ከጥፋት ማግሥት የተወለዱ መሆናቸው በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ተስፋ በዚያን ጊዜ የተገለጠው በምኞት ሳይሆን በሥራ፣ ይኸውም የሚጠፋውን በማይጠፋ መልክ በመያዝ ነው።

ወደ በዓሉ ጥበብ ቅርጽ ሲገባም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይጀመራል። ከታኅሣሥ 7 እስከ 27 የሚውሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በመጀመሪያው የነቢያት ትንቢት ይታሰባል፤ በሁለተኛው ብርሃን ይለመናል፤ በሦስተኛው ለተበተነው መንጋ እረኛ ይፈለጋል። እያንዳንዱ እሑድ የቀደመውን ይዞ አንድ እርምጃ ይጨምራል እንጂ የልደቱን ደስታ አስቀድሞ አይበላውም። የበዓሉ ሌሊት ማሕሌትም በዚሁ ሕግ ይመራል። ዜማው ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይነሣል፤ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ በመረግድ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በመጨረሻ በጽፋት እጅ እየተመታ ይፈጥናል። ያ የመጨረሻው ፍጥነት የሰሚውን ልብ የሚያነሣው ከበስተኋላው የረጅም ሰዓት ትዕግሥት ስላለ ነው። የዚህ ጥበብ ትልቁ ምስጢር ይህ ነው፤ ተስፋን በቃል ከማወጅ ይልቅ መጠበቅን ለሰውነት ያስተምራል።

በሜዳ የሚካሄደው የገና ጨዋታ ግን ሌላ መልክ አለው። ሩሯን በዱላ እያሳደዱ ወጣት ከአዛውንት፣ ሎሌ ከጌታ ጋር ይጋፈጣል፤ በዚያን ዕለት ጌታ አይቆጣም ይባላል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ እኩልነት ምልክት ያወድሱታል። ይሁን እንጂ ለአንድ ቀን ብቻ የሚፈቀድ እኩልነት ማስተንፈሻ እንጂ መታደስ አይደለም። በማግሥቱ ጌታው ጌታ፣ ጭሰኛውም ጭሰኛ ሆኖ ይቀጥል ነበር። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ይህን ግንኙነት ሲያፈርስ፣ አድባራቱ ይዘውት የነበረውን ሰፊ መሬትም አስቀረ። በዚህም የዜማ መምህራንና ተማሪዎች መተዳደሪያ ክፉኛ ተነካ። ጉባኤዎቹ ከዚያ ወዲህ የቆሙት በአብዛኛው በምእመናን እጅና ተማሪው በየደጃፉ በሚለምነው ቁራሽ እንጀራ ነው። ራሱ እህል የሚያጥረው ገበሬ ለቆሎ ተማሪ መዘርጋቱ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ የእምነቱን ትርጉም ያስረዳል።

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ጥበቡ ከቤተ መቅደስ ወደ ሕዝብ ይወጣል። በማሕሌቱ ድርሻ ያልነበራቸው ሴቶች በእልልታና በዘፈን መሪዎች ይሆናሉ፤ የካህናቱ ወረብ ከወጣቱ ሆታና ከእስክስታው ጋር በአንድ መንገድ ይጓዛል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት መታደስ በልብስ ሳይቀር እንደሚገለጥ ያሳያል። ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም ብላ ስለምታስተምር፣ ጥር 11 በሚረጨው ውኃ የሚከናወነው መታሰቢያና በረከት ነው። መታደስ የቀድሞውን ቃል ኪዳን ማስታወስ መሆኑን ሥርዓቱ ራሱ ይናገራል።

ይህን ሁሉ ስንመለከት፣ የእምነት ተስፋ ሕዝብን የሚያደነዝዝ ነው የሚለው አስተያየት በዚህ ጥበብ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ጾሙ ረኀብን አይሸሽግም፤ መዋሥዕቱም ሞትን አይክድም። በአንጻሩ ነቀፌታ የሚገባው ድካም አለ። የድጓው ቋንቋ ግዕዝ በመሆኑ አብዛኛው ምእመን የሚሰማው ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አይደለም። ትርጓሜው ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ለአውድማው ሰው እስካልደረሰ ድረስ ተስፋው በግማሽ የተነገረ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው ግን በመድረክና በቴሌቪዥን የሚቀርበው የበዓል ዝግጅት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ ማሕሌት የጽፋቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተቆርጦ፣ በኪቦርድ ታጅቦ፣ ከቄጠማና ከቡና ረከቦት ጋር ይታያል። የሚጠበቀው ሳይጠበቅ ደስታው ይደርሳል፤ ልመናው ሳይሰማ መልሱ ይነገራል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ምዝገባው ከዚህ ዓይነቱ መሸራረፍ በራሱ አይጠብቅም።

ስለሆነም የባህል ቡድኖች ሥርዓቱን ከቁም ዜማ እስከ ጽፋት በሙሉ አካሉ እንዲያጠኑት፣ መምህራን ግዕዙን ከነትርጉሙ ለወጣቱ እንዲያቀርቡ፣ የባህል ኃላፊዎችም ስለ ቅርስ ሲናገሩ የቆሎ ተማሪውን ቀለብ እንዲያስቡ ያስፈልጋል። የቤተ ልሔምና የቆማ ዜማ የሚኖረው በሚያውቀው ሰው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ያ ሰው ዓመታት ተቀምጦ ሊማር የሚችለው የሚበላው ሲኖር ነው። በዓሉ ለስማዳና ለጋይንት ሕዝብ የሚሰጠው ተስፋ በሚመጣው ትውልድ ዘንድም እንዲሰማ፣ ተስፋውን የሚያዜሙት ሰዎች ዛሬ መኖር አለባቸው።