ያለ ማስመሪያ የሚነድፍ እጅ

በቅርቡ አንድ አዲስ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ገብተን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ቅዱሳን ስንመለከት ቆየን። የደብሩን ስም ማንሣት አያስፈልገንም፤ ነገሩ የአንድ ደብር ብቻ አይደለምና። ሥዕሎቹ ንጹሐን ናቸው፤ ቀለማቸው ያበራል፤ የልብሱ እጥፋትና የጣቱ ጥፍር ሳይቀር ተጠንቅቆ ተሠርቷል። ነገር ግን ሁለት ሰው የሚያህለው ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ከፊታችን ቆሞ ሳለ ምንም አላስፈራንም። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ በየቤቱ ከሚሰቀለው የታተመ ሥዕል ላይ ተወስዶ፣ በፕሮጀክተር መብራት ሸራው ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ በኋላ ጥላው በእርሳስ እየተከተሉ የተገለበጠ መሆኑን ሰማን። መዳፍ ታህል የነበረችው መስመር ግድግዳ አክላ ስትዘረጋ ጉልበቷ አብሯት አላደገም።

ይህን ስንል ሠዓሊውን ለመውቀስ አይደለም። ሥራውን በዓሉ ሳይደርስ እንዲያስረክብ ታዝዟል፤ አሠሪዎቹም የሚያውቁትን መልክ ሳይለወጥ እንዲያዩ ፈልገዋል። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ በትልቅ ሸራ ፊት ባዶ እጁን ቆሞ መንደፍ የሚችል ሰው እየጠፋ ከሄደ፣ ለግድግዳ የሚመጥን ሥዕል ወደ ፊት ከወዴት ይገኛል?

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው ከመቅደሱ በር በላይ ያሉትን ሦስት አካላት አይረሳም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሥላሴ በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ስለ ሆኑ፣ ሠዓሊው ሦስቱን ሽማግሌዎች በአንድ መልክ መሣል ግዴታው ነው፤ አንዱን ከሌላው ሊያስበልጥም ሊያሳንስም አይችልም። አንድን ፊት ሦስት ጊዜ መድገም ለመሣሪያ ቀላል ነው፤ ለእጅ ግን ከፈተናዎች ሁሉ የከበደ ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ በእጁ ደገመው። ሦስቱ ፊቶች አንድ ናቸው፤ ሆኖም መስመሩ በእያንዳንዱ ላይ እንደ ገና ተወለደ እንጂ አልተገለበጠም። ጣሪያውን የሞሉት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶችም እንዲሁ ናቸው። ከሩቅ አንድ መልክ ይመስላሉ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ለቆየ ተመልካች ግን የአንዱ ዐይን ወደዚህ፣ የሌላው ወደዚያ ይሄዳል።

የእነዚህን ሠዓልያን አሠራር ልብ ማለት ይጠቅማል። ግድግዳው በጥጥ ጨርቅ ይለበጣል። ሠዓሊው በመጀመሪያ ንድፉን ያወጣል፤ ቀጥሎ ሰፋፊውን ቦታ በቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻም ጠርዙን በጥቁር ቀለም ደግሞ ይከተላል። እንግዲህ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ይሥላል ማለት ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ እጁ መንገዱን ያውቀዋል። ደቀ መዝሙሩም በመምህሩ አጠገብ ቆሞ ቀለም እየበጠበጠ፣ ያየውን እየደጋገመ፣ የፈረስን አንገትና የመልአክን ክንፍ በቃሉ እንደሚያጠናው ዳዊት ያጠና ነበር። ስለዚህ መሣሪያ አልነበረውም ማለት ልክ አልነበረውም ማለት አይደለም። ደግሞም አባቶቻችን ማስመሪያን ይንቁ ነበር እንዳይባል፣ ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ሳያሰምር አንዲት ፊደል እንኳ አይጽፍም ነበር። ፊደል ረድፉን መጠበቅ አለበት፤ ክንፍ ግን በረድፍ አይበርም።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲያቋቁሙ ሁለቱን መንገድ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ አድገው፣ ኋላ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተምረዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣቶች በከሰል መንደፍን ተምረዋል። ይሁን እንጂ የጉልበት ላይ ደብተርና የሰው ቁመት የሚያህል ሸራ የተለያዩ መሆናቸውን ብዙዎቹ የሚረዱት ዘግይተው ነው።

ጀማሪው ከሰሉን እንደ ብዕር ይይዘዋል። እንዲህ የያዘ እጅ የሚዞረው በአንጓው ብቻ ነው፤ የሚያወጣው ክብም ከእንጀራ ምጣድ እጅግ ያንሳል። ከክርን ሲነሣ ክቡ ይሰፋል፤ ከትከሻ ሲነሣ ደግሞ ሸራውን ያዳርሳል። ከሰሉን በመዳፍ ሥር አጋድሞ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ እግርን ከፍቶ መቆም ያስፈልጋል። መስመሩ ሸራውን ከመንካቱ በፊት ክንዱ በአየር ላይ መንገዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል፤ ሲነካም ዐይን የሚያየው ከሰሉ ያለበትን ሳይሆን የሚደርስበትን ቦታ ነው። ዐይኑን ከከሰሉ ጫፍ የማያነሣ ሰው መስመሩ ይንቀጠቀጥበታል፤ እግሩን ብቻ እያየ የሚሄድ መንገደኛ አቅጣጫው እንደሚጠፋበት ማለት ነው።

ሌላው ችግር የቅርበት ነው። ሸራው ሥር የቆመ ሰው የላይኛው ክፍል ስለሚርቀው ያንስበታል፤ ስለዚህ ራሱን አተልቆ ይነድፍና ወደ ታች ሲወርድ ለእግር የሚሆን ቦታ ያጣል። እግራቸው ያጠረ ስንት ሐዋርያትን አይተናል! መድኃኒቱ በየጥቂቱ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሥዕል የሚማር ተማሪ የሚያሳዝነን ለዚህ ነው። ለልምምዱ ሸራ ማባከን አያሻም፤ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዳዶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ላጲስ ግን ባይኖር ይሻላል፤ የተሳሳተው መስመር እዚያው ቢቆይ ትክክለኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ ያመለክታልና።

ታላላቆቹስ በመሣሪያ አልሠሩምን የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 በሠራው የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ታላላቆቹን ምስሎች በትልልቅ ወረቀት ከነደፈ በኋላ ወደ ግድግዳው አስተላልፏል። ነገር ግን ከመስኮቶቹ በላይ ያሉትን የክርስቶስን ቅድመ አያቶች የሣላቸው ያለ ወረቀቱ፣ በቀጥታ በእርጥቡ ልስን ላይ ነው። በወረቀት ሊያስተላልፍ የቻለው ያለ ወረቀትም መሣል የሚችል እጅ ስለ ነበረው ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚታየው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

የአንሪ ማቲስም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1931 በኒስ ከተማ፣ አሜሪካ ለሚገኘው ለባርንስ ድርጅት ግድግዳ የሚሆን ትልቅ የጭፈራ ሥዕል ሲጀምር፣ ከሰሉን በረጅም ቀርከሃ ጫፍ አስሮ ምስሎቹን በቀጥታ በሸራው ላይ ነደፈ። ቀርከሃው መሣሪያ ነው ቢባል አንከራከርም፤ ክንድን ያስረዝማል እንጂ በክንዱ ፈንታ ግን አይሣልም። ኋላም ቅርጾቹን ለማዘዋወር ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ተጠቅሟል። የሚያስቀው፣ ከብዙ ድካም በኋላ የግድግዳው ልክ ተሳስቶ ተገኘና ሥራውን ከመጀመሪያው ለመድገም ተገደደ፤ ትክክለኛው የተሰቀለው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። እንግዲህ ግድግዳውን በሜትር መለካትን ማንም እንዳይንቅ።

ከዚያ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ልንወጣ ስንል፣ ከቅዱስ ሚካኤል እግር በታች በአንዲት ጠባብ ቦታ ሥዕሉን ያሠሩት እመቤት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ግንባራቸውን ወደ ምድር አድርገው ሲሰግዱ ተሥለው አየን። ለእርሳቸው የታተመ ሥዕል ስላልነበረ ሠዓሊው ያለ ፕሮጀክተር ሊነድፋቸው ግድ ሆኖበታል። ከማጅራታቸው ተነሥቶ እስከ ተረከዛቸው የሚወርደው የጀርባቸው መስመር በአንድ ትንፋሽ የተሠራ ነው፤ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ቀድሞ የተሳሳተው የከሰል ምልክት በስሱ ቀለም ሥር ይታያል። በዚያ ግድግዳ ላይ ረዥም ጊዜ ቆመን የተመለከትናቸው እርሳቸውን ነበር።