ጣቢያ የሌለው «ስቴሽን ዋገን»
ስለ አሜሪካ የቤተሰብ መኪና፣ ስለ ጥቃቅን አምሳያዎቹና ስለ እኛ የሽቦ መኪና

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በአገራችን የመኪናን ስም የሚያወጣው ግን ተሳፋሪ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥበትን ታክሲ በአብዮቱ ዘመን ቋንቋ «ውይይት» አለው። የአንዱን ሚኒባስ ቅርጽ አይቶ «ዶልፊን» አለው። በየመንገዱ ሕይወት የሚቀጥፈውን የጭነት መኪና በራሱ የታሪክ ቁስል «ቀይ ሽብር» ሲል ሰየመው። በጭነት መኪና ሻሲ ላይ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አካል የተሠራለትን አውቶቡስ ደግሞ «ቅጥቅጥ» ብሎት ዐረፈ። ሐያሲ ከዚህ በላይ ምን ይላል? እያንዳንዱ ስም አጭር ሒስ ነው፤ የተሳፋሪ ጉልበት፣ ፍርሃትና ቀልድ ያረፈበት ሒስ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሕዝቡ ስም ሳያወጣለት፣ ባዕድ ስሙን እንደያዘ ተቀብሎ ያሳደረው አንድ የመኪና ዓይነት አለ፤ «ስቴሽን ዋገን»። በጨረታ ማስታወቂያና በመሥሪያ ቤት የንብረት መዝገብ ላይ ይህ ስም ሲጠራ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ላንድክሩዘር ወይም ኒሳን ፓትሮል ነው፤ በሩ ላይ የመሥሪያ ቤት ዓርማ፣ ጣራው ላይ የዕቃ መጫኛ፣ ውስጡ ሾፌር፣ ባለሙያና የውሎ አበል። ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ፣ በቧሂት ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ መካነ ብርሃን የሚወርደው የመስክ መኪና በመዝገብ ስሙ «ስቴሽን ዋገን» ነው። ጎንደር ግን ባቡር ጣቢያ ኖሯት አያውቅም፤ መካነ ብርሃንማ አይነሣ። «ስቴሽን» የሚለው ቃል እንግዲህ ጣቢያውን ከኋላው ትቶ ብቻውን ነው ዳገቱን የወጣው።

ለመሆኑ ቃሉ ከየት ተነሣ? በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከባቡር ጣቢያ እንግዳና ሻንጣ ተቀብሎ ሆቴል ወይም የገጠር ርስት የሚያደርስ መኪና ነበር፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። አካሉን የሚሠሩት በአመዛኙ የመኪና ፋብሪካዎች አልነበሩም፤ ሠረገላ ሠሪዎችና አናጢዎች ነበሩ። የፎርድን ሞዴል ቲ ሻሲ እየገዙ ከወገቡ በላይ በእንጨት ያንጹበት ነበር። ፎርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1929 በሞዴል ኤ ላይ ማምረት ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ ዊሊስ በ1946፣ ፕሊመዝ በ1949 ሁለንተናው ብረት የሆነ ስቴሽን ዋገን አወጡ፤ የእንጨቱም ዘመን አበቃ።

እንጨቱ አበቃ እንጂ የእንጨቱ ናፍቆት አላበቃም። ከ1950 እስከ 1991 የዘለቀው የፎርድ «ካንትሪ ስኳየር» ገና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጎኑ ብረት ሆኖ ሳለ የእንጨት ሥዕል ይለጠፍበት ጀመር። አሜሪካዊው አባወራ በብረት መኪና እየሄደ እንጨት የሚመስል ነገር ይከፍልበታል። ጌጡ ለመኪናው የሚሰጠው አንዳች ጥቅም የለም፤ የሚያገለግለው ትዝታን ብቻ ነው። ከኋላ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ወንበር በብዙዎቹ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር የተተከለው። ወላጆች የሚሄዱበትን ሲያዩ፣ ልጆች የመጡበትን መንገድ እያዩ ይጓዙ ነበር። ከዚያ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ በ1984 የክራይስለር ሚኒቫን ተከተለ፤ በ1996 የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ዋገኖች፣ ሸቭሮሌ ካፕሪስና ቢዩክ ሮድማስተር፣ ከምርት ወጡ።

ዛሬ እነዚህ መኪኖች በብዛት የሚገኙት በመደርደሪያ ላይ ነው፤ የጣት ርዝመት ሆነው። የቀለጠ የዚንክ ቅይጥ በኃይል ወደ ብረት ቅርጽ ይገፋል፤ ይረጋል፤ ይቀባል፤ ጎማ ይገጠምለታል። የዚህ ሙያ ዝነኛ ታሪክ የሚነገረው በ1947 ለንደን ውስጥ ስለተቋቋመው ሌስኒ ኩባንያ ነው። ጃክ ኦዴል የተባለው መሐንዲስ የልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ቀፎ የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መግባትን በመከልከሉ፣ በቀፎው ልክ አንዲት የመንገድ መዳመጫ መኪና ሠራላት ይባላል። ከ1953 ጀምሮ «ማችቦክስ»፣ ማለትም «የክብሪት ቀፎ»፣ የሚለው ስም ዓለምን ዞረ። በ1968 የአሜሪካው «ሆት ዊልስ» ተከተለ። ሰብሳቢዎች በመጠን ይነጋገራሉ፤ 1 ለ 64፣ 1 ለ 43፣ 1 ለ 18። አምስት ሜትር ተኩል የሚረዝም ዋገን በ1 ለ 43 ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

አምሳያ ማሳነስ ብቻ አይደለም፤ መምረጥም ነው። መምረጥ ባለበት ደግሞ ሒስ አለ። እኔ በእነዚህ ጥቃቅን ዋገኖች ላይ ሦስት ነቀፌታና አንድ ምስጋና አለኝ።

የመጀመሪያው ነቀፌታ ትዝታቸው አድሏዊ መሆኑ ነው። ከ1955 እስከ 1957 የተመረተው ባለ ሁለት በር ሸቭሮሌ «ኖማድ» ውድ ነበር፤ ገበያውም ጠባብ ነበርና ከሦስት ዓመት በኋላ ባለ ሁለት በሩ ቀረ። በአምሳያው ዓለም ግን ንጉሥ ነው፤ ሆት ዊልስ ገና በ1970 «ክላሲክ ኖማድ» ብሎ አወጣው፤ ሌሎችም ደጋግመው ሠሩት። ስድስት ልጅ ያጓጓዘው ባለ አራት በር ተራ ዋገን ከመልከ መልካሙ ኋላ ቆመ። መደርደሪያው የሚነግረን የተኖረውን ሳይሆን የተመኙትን ነው።

ሁለተኛው በዚያ የውሸት እንጨት ላይ ነው። በእውነተኛው መኪና ላይ የነበረው የእንጨት ሥዕል ነበር፤ በአምሳያው ላይ ያለው የሥዕሉ ሥዕል ነው። ሠሪው የቡናማውን ቀለም ድምቀትና የመስመሩን ቅጥነት ለማስተካከል የሚያሳየው ጥንቃቄ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ጥንቃቄው ሁሉ የሚያገለግለው ከመነሻው እውነት ያልነበረን ነገር ነው። ጥበብ ለዝርዝር መታመኑ ብቻ አይበቃውም፤ ዝርዝሩ ምን እንደሆነ መጠየቅም አለበት።

ሦስተኛው በሣጥኑ ላይ ነው። ብዙ ሰብሳቢ ዘንድ ከፍተኛ ዋጋ ያላት ከሣጥኗ ያልወጣች መኪና ነች። በእኛ ባህል የብራና መጽሐፍ ማኅደር አለው፤ ማኅደሩ መጽሐፉን የሚጠብቀው ግን እንዲነበብ ነው። እንዳይነካ ብቻ የሚጠበቅ መጫወቻ ከመጫወቻነት ወጥቶ ዋስትና ይሆናል።

ምስጋናዬ ለአንዲት ትንሽ ነገር ነው። ማችቦክስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ባወጣው «መርኩሪ» ዋገን የኋላ መስኮት ሁለት ውሾች አጮልቀው ያያሉ። ከዚያ በፊት በ1965 ባወጣው «ስቱድቤከር» ዋገን ደግሞ የኋላው ጣራ ይንሸራተታል፤ አዳኝና ውሻም አብረው ይመጣሉ። ሠሪው እዚህ ላይ ስለ ብረቱ ብቻ አላሰበም፤ በብረቱ ውስጥ ስለነበረው ኑሮ አሰበ። ሁለት የውሻ ራስ ከመቶ የተወለወለ ፓራውልት የበለጠ ይናገራል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። የክብሪት ቀፎ ለለንደኗ ልጅ የመኪናዋ መለኪያ ከሆነ፣ ለእኛ ልጅ ቀፎው ራሱ መኪና ነበር። ትልቁ ሥራው ግን የሽቦ መኪና ነው። ሽቦ ይጠማዘዛል፤ የሰርዲን ቆርቆሮ አካል ይሆናል፤ ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ሶል ጎማ ይሆናል፤ ረጅም ዘንግ ከኋላ ተነሥቶ በልጁ ደረት ልክ ክብ መሪ ይይዛል። ልጁ ቆሞ ይነዳል፤ ሞተሩ አፉ ነው።

ይህን ሥራ በ1 ለ 43 ሕግ ብንመዝነው ይወድቃል፤ መሪው ከጎማዎቹ ሁሉ ይበልጣልና። የጎንደርን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ግን አይወድቅም ይላል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ እንደምናየው ባለ የሥዕል ወግ ሰው የሚተልቀው ወይም የሚያንሰው በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ነው፤ ቅዱሱ በሁለት ዐይኑ ያየናል፤ ርኩሱ አንድ ዐይን ብቻ ይቀርለታል። የሽቦ መኪናውም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። መኪና የሌለው ልጅ ከመኪና የሚመኘው መንዳትን ነውና መሪውን አተለቀው። በዚንኳ መኪና መሪ አይዞርም፤ በሽቦዋ ዋናው መሪው ነው። አንዷ የነበረችውን ታስታውሳለች፤ ሌላዋ ያልነበረችውን ትጠራለች።

ልዩነቱ የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ ነው። ዚንኳ መደርደሪያ፣ ካታሎግና ገዥ አላት። የሽቦዋ መኪና ከአንድ ክረምት አታልፍም፤ ትዝጋለች፤ ሽቦው ለአጥር ይፈለጋል። የምትመስለው ትልቋም ዕጣዋ ከዚህ አይሻልም። «ቅጥቅጥ» ያልነውን አውቶቡስ አስቡት። የባዕድ ሻሲ ተገዝቶ የአገር ሰው ከወገቡ በላይ ያነጸው መኪና ነው፤ የአሜሪካ አናጢዎች በሞዴል ቲ ላይ ያደረጉትን የእኛ ብየዳ ሠራተኞች በአይሱዙ ላይ አደረጉት። እነሱ ያንን የመጀመሪያ የእጅ ሥራ «የዋገን ዘመን መባቻ» ብለው ያከብሩታል፤ እኛ የራሳችንን በስድብ አስቀረነው። ለሠርግም፣ ለልቅሶም፣ ለገበያም፣ ለንግሥም ያጓጓዘን ግን እሱ ነው። አሜሪካዊው ቤተሰብ በአንድ ዋገን ከታቀፈ፣ የእኛ ቤተሰብ ሌላውን ቤተሰብ በጉልበቱ አቅፎ የሄደው በቅጥቅጥ ነው።

«በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ መጫወቻ መኪና?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተሽከርካሪ ዘመናችን በዐይናችን ፊት እየተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የክልከላውን ጥቅምና ጉዳት ለባለሙያዎቹ እንተወው። ለእኛ የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ አሮጌው ወደ ብረት ማቅለጫ ሲሄድ ምን አስቀርተን እንሸኘዋለን? የመኪናውን ዋጋ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አለ። «ውይይት» ውስጥ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ የተጨዋወተውን ሰው ማን ይመዝግበው?

መልሱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰባት ሜትር የሚረዝም ቅጥቅጥ በ1 ለ 43 ከ16 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ከአንድ የዘይት ቆርቆሮ ይወጣል። ትልቁን የቀጠቀጠ እጅ ትንሹን መቀጥቀጥ አያቅተውም። በወለቃ ከሸክላ አንበሳና ንግሥት እየሠሩ ለእንግዳ የሸጡ የቤተ እስራኤል እናቶች ትንሽ ነገር ገበያ እንዳለው ካሳዩ ቆይተዋል። የጎደለው ጥበቡ ሳይሆን «ይህም መታሰብ ይገባዋል» የሚል ዐይን ነው። የሚሠራው ሰው ሲገኝም አንድ ነገር አደራ፤ መኪናውን ባዶውን እንዳይሠራው። ከጣራው ላይ ጆንያ፣ ከበሩ ላይ የተንጠለጠለ ረዳት፣ ከኋላው መስኮት ሁለት በጎች ያስቀምጥበት።