ጎፈሩና ግንባሩ

የካቲት 23 ወይም ሚያዝያ 27 በተቃረበ ቁጥር የእኛ የተማሪዎቹ ግጥምም ጎፈር ይደፋል። አንድ አባት አርበኛ ብቅ ይላሉ፤ ጎፈራቸው በነፋስ ይርገበገባል፤ ቤት ይመታል፤ አለቀ። ኧረ ለመሆኑ ይህ ጎፈር ምን ይናገራል?

ጎፈር ድሮ ጌጥ ብቻ አልነበረም። አንበሳ የገደለ፣ በጦር ሜዳም ግዳይ የጣለ ሰው የሥራው ማስረጃ ነበር። ባለ ጎፈሩ በአለቃው ፊት ሲፎክር የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይናገራል፤ አብረውት የዋሉት ቆመው ይሰማሉና እንደ ልቡ አይዋሽም። አንበሳ ሲታጣ የጭላዳ ፀጉርም ጎፈር ሆኗል። ይሁን፤ ፀጉሩ ቢለወጥ ግድ የለም። ምስክርነቱ ሲቀር ግን ይዘት የሌለው ቅርጽ ይሆናል። የግጥማችንም በሽታ ይኸው ነው።

ሐረር ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርጎ ከተማይቱን ያዘ። ፈረስ መጋላ ላይ የጨለንቆ ሙታን መታሰቢያ አለ። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ራስ መኮንን ከዚያችው ከሐረር ጦራቸውን ይዘው ዐድዋ ዘመቱ። እንግዲህ ለጀጎል ልጅ ያ ጎፈር ጣልያንን ያሸነፈው ሰው ራስ ላይ አለ፤ ቅድመ አያቱን የወጋውም ሰው ራስ ላይ አለ። የራስ መኮንን ሐውልት በሰኔ 2012 ሲፈርስ የሁለቱ ንባብ ጠብ አደባባይ ወጣ። ሐውልቱን ያፈረሰ ዐድዋን ዘለለ፤ ጎፈሩን ብቻ የሚያወድስም ጨለንቆን ይዘላል። ሁለቱም ግማሽ ገጽ አንባቢዎች ናቸው።

ሌላም የተዘለለ አለ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሐረር አፋፍ ደርሶ በነበረ ጊዜ ከተማይቱን የጠበቀው ወታደር ራሱ ላይ የነበረው የብረት ቆብ እንጂ ጎፈር አይደለም። እሱን በግጥማችን ፈልገን አጣነው። ቆብ ቤት የማይመታ ይመስል!

ገጣሚ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ጎፈሩን አውልቁ አላልንም። ከሥሩ ያለውን ግንባር አሳዩን ነው የምንለው። የት ዋለ? ማንን ወጋ? ማን አለቀሰለት፣ ማንስ አለቀሰበት? ፎካሪው ድሮ መልስ የሚሰጥበትን ጥያቄ ገጣሚውም ይመልስ።