በዓለም ገና ያለፈ ሁሉ

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ «ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ» የሚሉት አለ። እንደ ባዮሎጂ አይሸመደድም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሰጥና «ከዚህ ተነሥቶ የግድ እውነት የሚሆነው የትኛው ነው?» ይላል። ቀላል ይመስላል አይደል?

እስቲ እንሞክረው። «ከአየር ጤና ተነሥቶ በዋናው መንገድ ሰበታ የደረሰ መኪና ሁሉ በዓለም ገና አልፏል። ይህ ሚኒባስ ከአየር ጤና ተነሥቶ በዓለም ገና አልፏል።» ታዲያ ሚኒባሱ ሰበታ ደርሷል? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የማውቃቸውን ተማሪዎች ስጠይቃቸው ብዙዎቹ «አዎ» ይሉኛል። እንዴ! ዓለም ገና ላይ እኮ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሰበታና ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ። ቡታጅራን የማያውቅም ቢሆን ዓረፍተ ነገሩ ሌላውን መንገድ እንዳልዘጋው ማየት ይችላል። የግድ የሚከተለው ሌላ ነው፦ በዓለም ገና ያላለፈ፣ በዋናው መንገድ ሰበታ አልደረሰም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደራሲው ያልጻፈውን በራሳችሁ ሙሉት እላቸው ነበር። ልብ ወለድ ክፍተት ይወዳል። ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ግን የሚፈትነው ከራስ ኪስ አለመጨመርን ነው። በየማጠናከሪያው የሚባዛው ወረቀት ይህን አያስተምርም። «መልሱ ሐ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ለ ለምን እንደወደቀ አይናገርም። «ከተሰጠው መረጃ ማወቅ አይቻልም» የሚለው ምርጫ ደግሞ ለልጆቹ ሽንፈት ይመስላቸዋል። አንዳንዴ ግን ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

በልጆቹ ብቻ አንፍረድ። ጥር 2015 ዓ.ም. የ2014 ፈተና ውጤት ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። በየታክሲውና በየቡና ቤቱ የተሰጠው ፍርድ አንድ ነበር፦ «ትውልዱ ሰነፍ ነው!»

አካሄዱን ልብ በሉልኝ። ሰነፍ ይወድቃል፤ ይህ ልጅ ወድቋል፤ ስለዚህ ሰነፍ ነው። ሚኒባሷ እንደገና መጣች ማለት ነው! ስንፍና ወደ ውድቀት ያደርሳል፤ ሌላም መንገድ ግን ያደርሳል። የፊዚክስ መምህር ሳያይ ዓመቱን የጨረሰም ይወድቃል። በመጽሐፍ እጦት የተማረም ይወድቃል። በእርግጥ «ሰነፍ አይደለም» የሚለውም ከቁጥሩ አይወጣም። ቁጥሩ የሚለው ስንቱ 50 እንዳልሞላ ነው፤ ለምን እንዳልሞላ አይናገርም።

«በላ ልበልሃ» እየተባባለ የባላንጣውን ቃል አንድ በአንድ ይዞ ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ይህ ባዕድ ዕውቀት አይደለም። ውጤቱን ይዞ አንገቱን ደፍቶ የገባውን ልጅ «ሰነፍ!» ከማለታችን በፊት መምህር ነበረህ ወይ፣ መጽሐፍስ ነበረህ ወይ ብለን እንጠይቀው። መልሱን ሰምተን ያኔ እንፍረድ።